አድልዎ የማይወድ ሰው

ቢሾፍቱ አጠገብ አሳማ የሚያረባ ወዳጅ አለኝ። እናቱ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «እንስሳት ነገር ያረባል» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ባለፈው ስሄድ የበቆሎ ዋጋ አስመርሮት፣ ከዱቄት ፋብሪካ ያስጫነውን ፉርሽካ ለየጉረኖው ሲያዳርስ ደረስኩ። «ሆዳቸው ሲሞላ ጸጥ ይላሉ፤ እየው!» አለና የአንዱን ሆድ እንደ ከበሮ መታው። ድምፁስ ያኮራል።

ችግሩ፣ ሚዛን ላይ ሆድም አብሮ ይወጣል። ፉርሽካ ደግሞ አሰር ይበዛበታል። አሰር ጨጓራንና ቀጭኑን አንጀት እንዳለ አልፎ ለትልቁ አንጀት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይተርፋል፤ እነሱም አብላልተው ጥቂት ጉልበት ይመልሳሉ። ያደገች እናት አሳማ በዚህ ብርቱ ናት፤ ገና የሚያድገው ግን አቅሙ አልደረሰም። አንጀቱ ብቻ ይሰፋል፣ ይከብዳል። ታርዶ ሲበለት ባልዲው ሙሉ፣ ሥጋው ጎደሎ። ወዳጄ ይህን ባየ ዕለት የተጠራጠረው ሚዛኑን ነው።

«ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው የምትሰጠው?» አልኩት።

«እኩል! እኔ አድልዎ አልወድም።»

እዚህ ላይ ግን አድልዎ ሙያ ነው። የተኮላሸ ወንድ እንደ ልቡ ከተለቀቀ ከሴቷ አብልጦ ይበላል፤ የበላውም ጮማ ይሆንበታል። (ያልተኮላሸው ጮማው ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ ችግሩ አንዳንዱ ሥጋው ድስት ላይ ሲወጣ ሽታው ጎረቤት ያስደነግጣል።) ፉርሽካ ጣል ቢደረግበት የሚበጀው እንግዲህ ያ ሆዳሙ ነው። ሴቷ ድሮም የምትበላው ትንሽ ስለሆነ፣ ያንኑ በአሰር ሲያቀጥኑባት ማደጊያ ያጥራታል።

ምሳ ደረሰ። ሐኪም ስለ ቦርጩ አስጠንቅቆት ኖሮ ባለቤቱ የፉርሽካ ዳቦ አቀረበችለት፤ ያው፣ ፋብሪካው አንዴ ነፍቶ ለከብት የሸጠውን ዳቦ ቤቱ መልሶ ዱቄት ውስጥ ጨምሮ ከነጩ ዳቦ አስወድዶ የሚሸጠውን።

«ይሄ እኮ የአሳማ ምግብ ነው!» ብሎ ለልጆቹ ወደተቆረሰው ነጭ ዳቦ እጁን ሰደደ።

ነጩን ዳቦ ከነሳህኑ አነሳችና ጓዳ አስገባችው። ተመልሳ ፉርሽካውን ለእሱም፣ ለልጆቹም፣ ምንም ላላጠፋሁት ለእኔም አንዳንድ ቁራሽ አደለችን።

«እኩል ነው» አለችው፤ «አድልዎ አልወድም ያልከው አንተ አይደለህም?»