«አንብበው» የማለት ሥርዓት ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዘርዝረው ሲያሳትሙ አንድ ሥራ ለተተኪው ትውልድ ቀረ። የትኛው መጽሐፍ ማለፊያ ጨዋታ እንዳለው፣ የትኛው ደግሞ ትራስ ከመሆን እንደማያልፍ መለየት የካታሎግ ተግባር አይደለም። ይህን ክፍተት ከመቶ ዓመት በኋላ በፈቃደኝነት የተረከቡት የምሥራቅ አዲስ አበባ ካፌዎች ናቸው። ሥራው እንዴት እየተከናወነ እንደሆነ ግን እስካሁን በቅጡ የመረመረ የለም።

ጥናቱ የሚያተኩረው ልቦለድ ባልሆኑ መጻሕፍት ላይ ሲሆን፣ የሚሸፍነውም ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነሥቶ በገርጂና በመገናኛ አድርጎ እስከ አያት ያለውን ክልል ነው። ናሙናው የተመረጠው ጥንቃቄ በተሞላበት መንገድ ነው፤ አጠገባችን ተቀምጦ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ሁሉ ተካቷል። ዝግ ብለው የሚያወሩ አንባቢዎች አለመካተታቸው እንደ ውስንነት ይያዝልን።

መጠቆም የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጠቋሚው ማኪያቶውን አንዴ ፉት ይልና «የሐበሻ ጀብዱን አላነበብከውም እንዴ?» ይላል። ተጠያቂው «አላነበብኩም» ካለ ለሚቀጥለው ሩብ ሰዓት በሐዘኔታ ይታያል። «አንብቤዋለሁ» ካለ ደግሞ ጨዋታው እዚያው ላይ ይሞታል፤ ጠቋሚው ለዚህ መልስ አልተዘጋጀምና። ስለዚህ ልምድ ያለው የቦሌ ሰው «ጀምሬው ነበር» ብሎ ይገላገላል። መልሱ የሁለቱንም ወገን ክብር ስለሚጠብቅ በፍጥነት ተስፋፍቶ፣ ዛሬ በጥናቱ ክልል ውስጥ ያልተጀመረ መጽሐፍ ማግኘት አልተቻለም። የተጨረሱትን መቁጠር ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

መጽሐፍ አዟሪው ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ነፃ ነው። መጻሕፍቱን በክንዱ ላይ እስከ አገጩ ድረስ ቆልሎ፣ ጀርባቸውን ወደ ደንበኛው አዙሮ፣ በካፌው በረንዳ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዘዋወራል። ስለ መጽሐፉ ይዘት አንድም ቃል አይተነፍስም። «ጋሼ፣ ይሄ እያለቀ ነው» ይላል። ዓይንዎን ከአንዱ ሽፋን ላይ ካላነሡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሊታገድ ነው እየተባለ ነው» ይጨምራል። ሒስ ጸሐፊዎች በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ያላገኙትን ውጤት ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስታስገኝ በተደጋጋሚ ተስተውሏል።

የምደባ ጥያቄም አጥኚውን አስቸግሯል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የታተመው በልቦለድነት ነው። አንባቢው ግን እስከ ዛሬ «ይቺን አውቃታለሁ፣ ያኛው እገሌ ነው» እያለ የገጸ ባሕርያቱን ትክክለኛ ስም ሳይነግርዎ አይለቅም። በአንጻሩ የቀድሞ ባለሥልጣናት ትዝታዎች እውነተኛ ታሪክ ተብለው ታትመው እንደ ልቦለድ ይነበባሉ። ይህ ዘርፍ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የሚቀመጥ ሲሆን የሚመረጠውም በክብደቱ ነው። ደራሲዎቹ አንድ ባሕርይ ይጋራሉ፤ ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ እያንዳንዳቸው አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ይህን ያህል አስጠንቃቂ የነበረው መንግሥት እንዴት ሊወድቅ እንደቻለ ሌላ ጥናት ይጠይቃል።

ሀብታም ስለመሆን የሚያስተምሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። በብዛት የሚሸጡት ፎቶ ኮፒ ሆነው ነው፤ በመሆኑም የመጀመሪያው ትምህርት፣ ማለትም ለደራሲው አለመክፈል፣ መጽሐፉ ገና ሳይገለጥ ይጠናቀቃል። ቀሪውን «ፒዲኤፉን ልላክልህ» የሚለው ወገን ይሸፍነዋል። ፋይሉ በቴሌግራም ከደረሰ በኋላ ላኪውም ተቀባዩም መጽሐፉ እንደተነበበ ይቆጥሩታል።

ማዋስ ደግሞ ከመጠቆም የተለየ ተቋም ነው። «አንብበው» ያለ ሰው «እስቲ አውሰኝ» ሲባል ፊቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ሊለካ ይችላል። አብዛኛው ጠቋሚ መጽሐፉ በአሁኑ ሰዓት ሌላ ሰው ዘንድ መሆኑን ያሳውቃል፤ ያ ሰውም ሲጠየቅ ሌላ ሰው ዘንድ ነው ይላል። ሰንሰለቱን ተከትለን ከገርጂ ተነሥተን ሰሚት ደርሰናል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስላልተጠገነ ምርመራው ተቋርጧል።

እስካሁን የተገለጸው ሁሉ የመጠቆም ጤናማ አሠራር ነው። ግና አጥኚው አንድ ያፈነገጠ ክስተት መመዝገብ ግድ ሆኖበታል። አልፎ አልፎ መጽሐፉን በእርግጥ ያነበበ ሰው ይገኛል። ይህ ሰው «አንብበው» አይልም፤ «ድንቅ ነው» ማለትም አይሆንለትም። ዝም ብሎ ይተርካል። ለምሳሌ «የሐበሻ ጀብዱ»ን ያነበበው ሰው በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ስኒዎች ቦታ ቦታ ያስይዛቸዋል። አንዱ የራስ ካሳ ጦር ነው፤ አንዱ ጣሊያን ነው፤ የስኳሩ ዕቃ አምባ ይሆናል። ቼኩ አዶልፍ ፓርለሳክ የጦር አማካሪ ሆኖ እስከ ማይጨው ያየውን ሁሉ፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን ከቼክኛ የመለሱለትን ያህል ደክሞ ሳይሆን፣ በእጁ እያሳየ ያወርደዋል። አስተናጋጇ ባዶ ስኒ ልታነሣ ስትመጣ «ተይው፣ የኔ እናት፣ ጦር ነው» ይላታል። የራስ እምሩን «ካየሁት ከማስታውሰው» ያነበበው ጎረቤቱ ደግሞ ጣልቃ ይገባል። ጣሊያኖች ራስ እምሩን ያሰሩባት ፖንዛ ደሴት፣ ዓመታት አልፈው ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተይዞ የተወሰደባት ደሴት መሆኗን ሲናገር ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ዞር ይላል።

ይህ ዘዴ ምንም ዓይነት ደረጃ፣ ኮከብም ሆነ ውጤት ስለማይሰጥ ለሳይንስ አይመችም። ሆኖም ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ሚኒባስ ላይ አንድ መለኪያ ተገኝቷል። ሸምገል ያሉ አንድ ተሳፋሪ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ አጠገባቸው ለተቀመጠ ወጣት ይተርኩለታል። ታክሲው ሲነሣ ተክለ ሐዋርያት ገና ልጅ ነው፤ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ወደ ዓድዋ ይወርዳል። ጉርድ ሾላ ላይ ወደ ሩሲያ ሊሻገር ነው። ወጣቱ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ካደረገ በኋላ «ከዚያስ ጋሼ?» አለ። ሲቪል ሰርቪስ ሲደርሱ ተክለ ሐዋርያት መድፈኛ መኮንን ሆኗል። ሚካኤል ላይ ሀገሩ ተመልሶ «ፋቡላ»ን፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር፣ ደርሷል፤ በአውሬዎች አፍ የዘመኑን አስተዳደር ተችቶ መኳንንቱን አስቆጥቷል። ሲኤምሲ አካባቢ መኪና ተጨናንቆ ስለነበር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቁ ዘለግ ያለ ጊዜ ወስዷል። መሪን አልፈው አያት ሲገቡ ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ቆሟል።

ወጣቱ መውረድ የነበረበት ጉርድ ሾላ ነው። ረዳቱ የጨመረውን መንገድ ሒሳብ ጠየቀው፤ ልጁም ሳይከራከር ከፈለ። ሌላ አስተማማኝ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ይህ ጥናት አንድ ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ የሚሰጠውን ደስታ ከወራጅ በላይ በተከፈለ ብር እንዲለካ ሐሳብ ያቀርባል። ታሪፍ በተለወጠ ቁጥር መለኪያው መስተካከል ይኖርበታል።