ጎንደርን በአንድ ቀን ሳያዩ የመመለስ ዘዴ

ከቁሐር ሚካኤል ወይም ከወረታ ተነስቶ ጎንደር ደርሶ ምንም ሳያዩ በዕለቱ መመለስ ብዙ ልምድ አይጠይቅም። ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። መሠረቱ የሚጣለው ገና ከቤት ሳይወጡ፣ "እኔ ራሴ ጎንደሬ ነኝ" በሚል እምነት ነው። ፎገራ የደቡብ ጎንደር ወረዳ በመሆኗ እምነቱ የወረቀት ማስረጃም አለው። ጎንደሬ ደግሞ ስለ ጎንደር አያነብም፣ ሰው አይጠይቅም፣ ለማንም ከፍሎ አይሰማም።

መነሻው ከረፋዱ 3 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ከሩዝ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በተጋገረ ነጭ እንጀራ ቁርስ ተበልቶ። ሚኒባስ ሲሞላ እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ አይነሳም። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ!" እያለ ሲጣራ ውስጡ ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ቃሉን አምኖ ቀድሞ የገባ ሰው መናኸሪያውን በመስኮት አንድ ሰዓት ያህል ይጎበኛል። መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅም አያስፈልግም። በቅርብ ዓመታት በክልሉ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ፣ ሳይጠይቁ መነሳት ጉዞውን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሊያሳጥረው ይችላል።

ከአዲስ ዘመን በኋላ መተኛት ነው። እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። በተለምዶ የአፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ሥራ ነው ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ ነው። የነቃ ሰው "እዚህ መውረድ አለብኝ!" ሊል ስለሚችል እንቅልፉ ጥንቃቄ ነው።

ጎንደር ሲደርሱ ዋናው ስህተት የሚሠራው በፋሲል ግንብ በር ላይ ነው። ፎቶ ከውጭ ተነስቶ መሄድ በቂ ነው፤ ግንቡን አንድ ቤት ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው አይቶ ጨርሷልና። ግቢው ግን ወደ 900 ሜትር በሚጠጋ አጥር የታጠረ፣ 12 በሮች ያሉት ነው። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከጀመሩት በኋላ ልጅም የልጅ ልጅም በአባቱ ቤት መኖር ነውር የሆነበት ይመስል እያንዳንዱ የየራሱን ጎጆ ወጣ፤ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አንድ ቤት አይደለም።

ገብቶ የሚሳሳት ሰው ደግሞ አስጎብኚ አይይዝም። ወጣቱ "ጋሼ፣ ላስጎብኝዎት?" ሲል መልሱ ይታወቃል፦ "ልጄ፣ እኔ ጎንደሬ ነኝ!" ከዚያ በኋላ አብረውት ለመጡት እንዳሻው መተረክ ይችላል። "ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት" ማለት ሁልጊዜ ያስከብራል፤ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ያባረሩት ግንቡ ከመሠራቱ በፊት መሆኑ ወሬውን አያደናቅፈውም። ጣሪያ የሌለውን የኢያሱን ግንብ "ዝናብ በልቶት ነው" ብሎ ማለፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ሊመታ የመጣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ እንደጣለበት የሚያውቀው ያ ወጣት ነው፤ እሱ ግን ተባሯል።

ቀጥሎ ምሳ ነው፤ ጊዜ በብዛት የሚባክነውም እዚህ ነው። ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይሻላል፤ ጥሬ ሥጋ አምሮት የመጣው ሰው ጾም መሆኑ ትዝ የሚለው ሥጋ ቤቱ ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ነው። በፍስክ ቀን ከሆነ ግን ሥጋው እስኪቆረጥ፣ ዳሽን ቢራም በተወለደበት ከተማ እስኪቀመስ 9 ሰዓት ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚደረሰው እንዲህ ከረፈደ በኋላ ነው። ማሰሪያው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ መልበስ ተገቢ ነው፤ በሩ ላይ ሲፈታ የሚያልፈው ጊዜ ውስጥ ካለው ጊዜ ይበልጣል። ነጠላ ቤት መቅረት አለበት። በቀዳማዊ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1682–1706) ዘመን የተተከለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተርፏል፤ ንቦች ወጥተው አባረሯቸው የሚለው ትውፊት የሚነገረውም ስለ እሱ ነው። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ወደ ታች ያያሉ። ትክክለኛው ስህተት ይህ ሁሉ ዓይን ከላይ እያየ ስልክ ላይ አቀርቅሮ "ኔትወርክ የለም" ማለት ነው። ቀና ያለ ሰው ደግሞ ሊቆጥራቸው ይጀምርና 40 ላይ ሲሳሳት ይተወዋል፤ እሱ እንኳ ከሌሎቹ የተሻለ አይቷል።

የፋሲል መዋኛ በሰኔ ይጎበኛል። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ስለሆነ፣ በሌላ ጊዜ የመጣ ሰው ዳር ቆሞ "ውሃው የታለ?" እያለ ማጉረምረም ይችላል። ለጥምቀት የሚመጣም ቢሆን ከተራን ዘሎ ጥር 11 ረፋድ ላይ ብቅ ካለ፣ ማደሪያም ካልያዘ፣ ከታቦታቱ ይልቅ የሰው ጀርባ ያያል። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሳይታይ የቀረው ጊዜ ስላለቀ ነው።

መመለሻው ከ11 ሰዓት በኋላ ይታሰባል። ረዳቱ አሁንም "አንድ ሰው ብቻ!" ይላል፤ ተጓዡም አሁንም ያምነዋል። ጉዛራ ለሁለተኛ ጊዜ ይታለፋል፤ በዚህኛው ግን ጨለማ ስለሆነ የሚወቅሰው የለም።