የዓሣ አሽከርነት በስተርጅና

ድሮ ውሻ ይጮኻል፣ ድመት አይጥ ታባርራለች፣ ዶሮም ብትሆን እንቁላል ትጥላለች። ልጄ ያመጣው ዲስከስ የሚሉት ዓሣ ግን ሥራው መኩራት ብቻ ነው። እንደ ሰፌድ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ ከመስተዋቱ ኋላ ቆሞ ያየኛል። እኔ የማውቀው ዓሣ ጣና ዳር ተጠብሶ የሚቀርበውን ነበር።

የቨርጂኒያ ብርድ አይጣል ነው። ቤቱ ግን ሂሳብ እንዳይበዛ 20 ዲግሪ ላይ ተቆልፏል። ጋቢዬን ደራርቤ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ ያሉት ጌቶች 29 ዲግሪ ላይ ይንሸራሸራሉ። «ኧረ ትንሽ ጨመር አድርገው» ስለው «አባዬ፣ ሹራብ ደርብ» ይለኛል። ለእነሱስ ሹራብ ቢገዛላቸው?

ዘራቸው ከአማዞን ተፋሰስ ነው፤ ሄክል የሚባል ኦስትሪያዊ በፈረንጆች 1840 ስም አወጣላቸው። እዚያ ውሃው ሞቃት፣ ለስላሳና አሲዳማ ነው አሉ። ይሁን። የእኛዎቹ ግን እርባታ ቤት የተወለዱ ናቸው፤ አማዞንን በሕልማቸውም አላዩት። ይኸው በማያውቁት አገር ናፍቆት ክሎሪኑ በጠብታ መድኃኒት ይመክንላቸዋል፣ ሙቀቱ ይለካላቸዋል፣ በየሳምንቱም ግማሹ ውሃ ይቀየርላቸዋል። ገንዳው 300 ሊትር ይይዛል፤ ግማሹ ስንት ባልዲ እንደሚሆን ወገቤን ጠይቁት።

ተክሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አብዛኛው የውሃ ተክል ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን ይስማማዋል፤ ለዲስከሱ ተብሎ ሲሞቅ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይበሰብሳል። ሙቀቱን ችሎ ይኖር የነበረው ከወደ ምዕራብ አፍሪካ የመጣ አኑቢያስ የሚባል ነው። እሱ ግንዱ አይቀበርም፤ እንጨት ላይ በክር ታስሮ፣ ሥሩ ራሱ መያዣውን ይፈልጋል። ልጄ አሸዋ ውስጥ ቀበረው። የገበሬ ልጅ ነኝና «ተው፣ ይሄ ይታፈናል» አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ግንዱ ለስልሶ፣ ሸትቶ ወጣ።

ጎረቤቶቻቸውስ? ካርዲናል ቴትራዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ሙቀቱንም ይችላሉ። አንጀልፊሽ የሚባሉት ናቸው ጉዶቹ። ዲስከሱ አስቦ፣ ተመካክሮ እስኪቀርብ እነሱ ገበታውን ጠራርገው ጨርሰዋል።

ምግባቸውንስ ባላነሣው ይሻለኝ ነበር። የበሬ ልብ! ስቡና ጅማቱ ተለቅሞ፣ ከሽሪምፕ፣ ከስፒናችና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ፣ በስሱ ተጠፍጥፎ ፍሪዘር ይገባል። ያውም በሁዳዴ፣ ያውም በባለቤቴ መፍጫ! እኛ ሽሮ ለመብላት ስንሰናዳ መፍጫው በደም ተለውሶ ተገኘ። ያን ቀን ባለቤቴ በፈላ ውሃ ስታጥብና ስትራገም ዋለች፤ እኔ ደግሞ ለማን እንደማግዝ አውቄ ዝም አልኩ።

ሰሞኑን ደግሞ ጥንዶቹ ወለዱ። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ ከወላጆቻቸው ገላ ላይ የሚወጣውን ልዝብ ነገር እየለቀሙ ይበላሉ። አባትና እናት ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ሲሰለቸው ገላውን ነቅነቅ አድርጎ ልጆቹን ለሌላው ያራግፋል። ልጄ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ ያነሣል።

«አባዬ፣ ከወላጆቻቸው ቆዳ ላይ እየበሉ እኮ ነው የሚያድጉት! ተአምር አይደለም?»

«ተአምርስ ነው» አልኩት። «አንተን ስናሳድግ ቪዲዮ የሚያነሣ ጠፍቶ ነው እንጂ! በል አሁን ስልኩን አስቀምጥና ባልዲውን አቀብለኝ፤ ውሃው ሊቀዘቅዝባቸው ነው።»