«ጥብስ የላችሁም?»፦ የዓለም ምግቦች አዲስ አበባ ሲደርሱ ስለሚገጥማቸው ነገር የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት የተነሳው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። የአዲስ አበባ ሰው «ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር እንሞክር» ብሎ ሲወጣ፣ የሚፈተነው እሱ ነው ወይስ ምግቡ? በመስኩ እስካሁን ያለው ዕውቀት በአብዛኛው «እዛ ጋ አንድ ቤት ተከፍቷል አሉ» በሚል የቃል ምንጭ ላይ የቆመ ሲሆን፣ «አሉ» የተባሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በውል አይታወቅም።

ለናሙናነት የተመረጡት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ምሳ አብረው የሚወጡ ባልደረቦች ናቸው። ማንነታቸውን ለመጠበቅ በፊደል እንጠራቸዋለን። ተጠኚ ሀ «እኔ ሁሉን እበላለሁ» ባይ ወጣት ነው። ተጠኚ ለ ረቡዕና ዓርብን ሳታዛንፍ የምትፆም ናት። ተጠኚ ሐ ሙስሊም ነው። ተጠኚ መ የሁሉም ታላቅ በመሆናቸው በፊደል መጥራቱ ነውር ስለሆነ «ጋሼ» ተብለው ተመዝግበዋል። ጋሼ ሐኪም ፆም ከልክሏቸዋል ተብሎ ይታመናል። ጥናት አቅራቢው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ በተመልካችነት ብቻ ተሳትፏል፤ መብላቱ የአሠራር ግዴታ ነበር።

ከታሪክ እንነሳ። ፒያሳ ያለውና ዛሬም በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል በምኒልክ ዘመን ሲከፈት፣ በሰፊው እንደሚነገረው፣ ምግቡ ተሰናዳ፣ አሳላፊው ቆመ፣ በላተኛ ግን ጠፋ። በር ያንኳኳ ሁሉ እንጀራ በሚቀርብለት አገር በልቶ ገንዘብ ቆጥሮ መውጣት ያሳፍር ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንታቸውን አስከትለው ሄዱ፣ በሉ፣ ሂሳቡን ከፈሉ፣ እፍረቱም ተነሳ። ይህ ታሪክ ለጥናታችን ሁለት ነገር ያቀብላል። አንደኛ፣ አዲስ ምግብ ቤት በዚህ ከተማ ብቻውን የሚሄድበት ሰው የለም፤ ንጉሥም አጃቢ ይዘው ነው የገቡት። ሁለተኛ፣ የጠረጴዛውን ሁሉ ሂሳብ መክፈል የንጉሥ ወግ ነው የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ በየሰዉ ላይ አድሯል። የዚህን መዘዝ ኋላ እናየዋለን።

የመጀመሪያው መረጃ የሚሰበሰበው ከሜኑ ነው። ሜኑ ይመጣል፣ ይገለጣል፣ ፎቶው ይታያል፣ ይዘጋል። ከዚያ ሀ ቀና ብሎ «እሺ፣ ምን ምን አላችሁ?» ይላል። አስተናጋጇ «ሁሉም አለ» ትላለች። «ይሄስ?» «እሱ እንኳን አሁን አልቋል።» ይህ ምልልስ ምግብ ቤቱ የየትኛውም አገር ቢሆን አይለወጥም።

ቀጥሎ የማጣሪያ ቃለ መጠይቁ ይመጣል። «አሳማ የለውም አይደል?» የሚለውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይጠይቀዋል፤ አንዱ ከረሳው ሌላው ያስታውሳል። «በዘይት ነው? ቅቤ አልነካውም?» የምትለው ለ ናት። «ሥጋው የማን ነው?» የሚለው ሐ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ቢሰማ የበሬ ሌብነት ምርመራ ሊመስለው ይችላል። በየሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀልና ጨረቃ እያየን ላደግነው ግን ጥያቄው የተለመደ ነው። ሥጋው የክርስቲያን ከሆነ ሐ ይወጣል፣ የሙስሊም ከሆነ ሌሎቹ ይወጣሉ፣ ረቡዕ ከሆነ ደግሞ ለ ከሁለቱም የለችበትም። በዚህ ጊዜ ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ሰው «አሳ ቢሆንስ?» ይላል። አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይነሳል፣ ይጋጋላል፣ ጋሼ ይገላግላሉ። መጨረሻው ወይ አሳ ነው ወይ በያይነቱ። እንደ ጥናት አቅራቢው እምነት የዚህ ከተማ ሰው ተቻችሎ የኖረበት ታሪክ ሲጻፍ በያይነቱ አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። ይህ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ስለሆነ አልፈነዋል።

በአንድ የቻይና ምግብ ቤት የተደረገው ምልከታ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይሻል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጠረጴዛው ክብ፣ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት ያለው ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ የኖርን ሰዎች በመሆናችን ይስማማናል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ነገር ግን የእኛ ትሪ አይዞርም። በእኛ ትሪ ሰው የሚበላው ከፊቱ ያለውን ነው፤ የሰው ፊት ያለውን መዳፈር ነውር ነው። መስታወቱ ሲዞር የማን ፊት የቱ እንደሆነ ጠፋ። ጋሼ የዶሮው ሳህን እስኪደርሳቸው ሹካቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ ሀ ሩዝ ፍለጋ መስታወቱን ገፋውና ዶሮው ሄደ። ጋሼ ዝም አሉ። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ለ ቶፉዋን ለማንሳት መስታወቱን ያዝ አደረገችው፤ ዶሮው ከማይበላው ከሐ ፊት ቆመ። ሐ ለጨዋነት ያህል ወደ ጋሼ ሊገፋው ሲል ሀ በሌላ በኩል ሳበው።

ለ ይህን አይታ አዘነች መሰለኝ፣ ጋሼን ላጉርስ ብላ ተነሳች። በቾፕስቲክ ማጉረስ እስካሁን በማንም የተሞከረ አይመስልም፤ እሷም ሁለቴ ሞክራ በእጇ አደረገችው። ያለ እንጀራ የሩዝ ጉርሻ መጠቅለል አይቻልም። ግማሹ መስታወቱ ላይ ተበተነ፣ እየዞረም ለሁሉም ደረሰ። «በሞቴ ጋሼ! በሞቴ!» ጋሼ ጎረሱ። አላምጠው ሲያበቁ ሁለቴ አጨበጨቡና አስተናጋጇን ጠሩ።

«የኔ ልጅ፣ ጥብስ የላችሁም?»

ልጅቷ አልደነገጠችም። «አለ ጋሼ። ደረቅ ይሁን ለስለስ ያለ?»

ጥብሱ ሜኑው ላይ አልነበረም። በሸክላ ምድጃ ከነፍሙ መጣ፣ ከጎኑ ሚጥሚጣና አዋዜ፤ እንጀራው ከጎረቤት ቤት ተገዝቶ መሮጡን በመስኮት አይተናል። ከዚህ ተነስተን የሚከተለውን መላ ምት እናቀርባለን፦ በከተማዋ ውስጥ ያለ የውጭ አገር ምግብ ቤት ሁሉ፣ የትኛውንም ባንዲራ ቢሰቅል፣ ከጓዳው ጥግ ያልተጻፈ ጥብስ አለው። ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። ወጥ ቤቷ ታውቀዋለች።

ወደ ሕንዶቹ ስንሻገር ሌላ ክስተት ይገጥመናል፤ ይህም የ«የኛ ነው» ትምህርት ቤት ይባላል። ዳል በትንሽ ብረት ድስት ሲቀርብ ሀ በማንኪያ ቀምሶ «ይሄ ምስር ክክ አይደል እንዴ?» አለ። ለ ቀመሰች፣ ምስር ክክ መሆኑን አረጋገጠች፣ ዋጋውን አየች፣ አዘነች። እርድ አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ከሙን አለው። እሷ ዛሬ ጠዋት ለልጆቿ የሠራችውን ትታ ነው የመጣችው። ሆኖም ተጠኚዎቹ ቅር ቢላቸውም ድስቱ ተጠርጎ ወጥቷል።

የየመኖቹ ጉዳይ ይለያል። ከእነሱ ጋር ያለን ትውውቅ የቆየ ነው፤ በልጅነታችን ስኳርና ሳሙና የተላክንበት «ዐረብ ቤት» የእነሱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. አገራቸው ጦርነት ውስጥ ስትገባ ብዙዎች እንደገና ወደዚህ መጡ፣ ከነማንዲያቸው። ማንዲ ቤት ሲገባ የቡድኑ የሥልጣን አሰላለፍ ይገለበጣል። ሥጋው የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ሐ አይጠይቅም፤ ያዛል። በየሄድንበት ሁሉ አሳ ሲበላ የኖረ ሰው በዚያ ቀን ያለው ደስታ ለመመዝገብ የሚከብድ ነበር። ሌሎቹ እዚያ ሲቀመጡ የ«ሥጋው የማን ነው?» ጥያቄ ትዝ ሳይላቸው የቀረው ከሽታው የተነሳ ይሁን ከሌላ ምክንያት አልተጣራም። ቦሌ ሚካኤል በሚገኙ የሶማሌ ቤቶች ደግሞ ከሩዙ ጋር ሙዝ ይቀርባል፣ ከነልጣጩ። ሐ እየላጠ ከሩዙ ጋር ጎረሰ። ጋሼ የእሳቸውን ሙዝ ኪሳቸው ከተቱ።

የጣሊያን ምግብ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ ጉዳይ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን ሲይዙ ፓስታቸውንም አብረው በሰፊው አስገቡ። ጦሩ ተሸንፎ ወጣ፤ ፓስታው ግን እጁን ሰጥቶ ቀረ፣ በርበሬም ገባበት። ዛሬ በየሰፈሩ ፓስታ በእንጀራ የሚባል ነገር አለ። የአበላሉን ስልት በቅርብ ተመልክተናል፦ እንጀራው ከዳር ይቆረሳል፣ ፓስታው ላይ ይጣላል፣ በሦስት ጣት ሰብሰብ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከጎን ያመለጡት ክሮች በአውራ ጣት ይገፋሉ። ሹካ አያስፈልግም። ጥናቱ ወገንተኛ አይደለም፤ ቢሆንም ይጣፍጣል። ፒዛም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ዓቢይ ፆም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ፣ ሌሎቹም አጽዋማት ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ይህን ሁሉ ቀን ምድጃ አጥፍቶ የሚቀመጥ ነጋዴ ስለሌለ የፆም ፒዛ ተወለደ። አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት አለው፤ ሲመጣ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። የኔፕልስ ሰዎች ምን እንደሚሉ ለማጣራት በጀት አልተፈቀደም።

ከምሳ በኋላ ቡና የሚጠጣው ሌላ ቤት ነው። በልተው በዚያው መጠጣት ይቻላል ሲባሉ ተጠኚዎቹ በአንድ ድምፅ «አይ፣ ቡናማ እዛ ነው» ብለዋል። ለዚህ መነሻው የቆየ ይመስላል፤ ፒያሳ ላይ ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ተቋቁሞ ሰውን አቁሞ ቡና ሲያጠጣ ኖሯል። እኛ የሄድንበት ካፌ መቀመጫ ነበረው። ትዕዛዙ እንዲህ ተመዝግቧል፦ ለሀ ጠቆር ያለ ማኪያቶ፣ ለሐ ነጣ ያለ ማኪያቶ፣ ለጋሼ ኖርማል ማኪያቶ «ግን በጣም እንዳይሞቅ»፣ ለለ ስፕሪስ በሻይ፣ ለጥናት አቅራቢው ጠቆርም ነጣም ያላለ። አስተናጋጁ ምንም አልጻፈም፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሲመለስ ማኪያቶዎቹን ከስፕሪሱ በስተቀር እንደመጣለት አስቀመጣቸው። የአራቱንም ቀለም ጎን ለጎን አስተያይተናል፤ አንድ ናቸው። ሀ አንድ ጊዜ ፉት አለና «ቆንጆ ጠቆር አድርጎልኛል» አለ። ሐም በመንጣቱ ተደስቷል።

አሁን ወደ ንጉሡ ወግ እንመለስ። ሂሳብ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከምግቡ ዋጋ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊኖር ይችላል፤ የ1,000 ብር ምግብ 1,265 ብር ሆኖ ይወጣል። በሌሎች ከተሞች ሰው ይህን አይቶ ወደኋላ ይል ይሆናል። ተጠኚዎቻችን ግን በአንድ ጊዜ ተነሱ። ሀ ወረቀቱን ነጠቀ። ሐ የሀን እጅ ያዘ። «በእናትህ! በእናትህ እንዳትከፍል!» «ባለፈው አንተ አይደለህ የከፈልከው?» «ባለፈው ሌላ ነው!» ለ ከቦርሳዋ ብር አውጥታ አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ ልትከት ስትሞክር አስተናጋጁ ወደኋላ አፈገፈገ፤ ወንበር ወደቀ። ከጎን ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተከፋፈሉ» ብለው ሲመክሩ ሁሉም ዞረው በትዝብት አዩዋቸው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ትግሉ ወደ ስልክ ተሸጋግሯል፤ ቁጥሩን መጀመሪያ የጻፈ ያሸንፋል፣ ኔትወርክ ካለ።

ጋሼ በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አልነበሩም። እጃቸውን ሊታጠቡ ተነስተው ሄደው ነበር። ተመልሰው ሲቀመጡ ሀ አሸንፎ ወደ ካሸሯ ሲደርስ «ተከፍሏል» አለችው። ጋሼ የጥርስ እንጨት እየፈለጉ ነበር። ሐ ሲነጫነጭ «ተው ባክህ፣ ልጅ አይከፍልም» አሉት። ሐ የሦስት ልጆች አባት ነው።

ከላይ በተገኘው መረጃ መሠረት ለምግብ ቤት ባለቤቶች የሚከተለው ምክረ ሐሳብ ቀርቧል። ሚጥሚጣ ተጠይቆ የሚመጣ ሳይሆን ከጨው ጎን የሚቀመጥ ይሁን። የሚሽከረከር ጠረጴዛ ያላቸው ቤቶች ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ እንግዳ ሲኖር መስታወቱን ይቆልፉት። የካሸር መስኮት ከመታጠቢያ ቤቱ መንገድ ላይ ከቶ እንዳይሠራ፤ ሕንፃው ተሠርቶ ካለቀና ማዛወር ካልተቻለ ደግሞ ጋሼ የተባለ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ኮቱንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እንዲሄድ በትሕትና ይጠየቅ።