ደመወዝ፦ በስምምነት

ፍኖተ ሰላም ላይ የመንግሥት ወንበሬ ሞቆኛል። አለቃዬ አይጮህም፤ የአራት ሰዓት ቡና አይቀርም፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ባለጉዳይም ራሱ አፍሮ ነው የሚገባው። በዚህ መሐል ቡሬ ካለ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ ወጣ፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት»። እንዴት ያለ ጨዋ ቃል ነው! ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያስማማን መሰለኝ።

ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ገባሁ። ሰውዬው ወረቀቴን አገላብጦ «ስንት ይፈልጋሉ?» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩትን ቁጥር ጠራሁ።

«አሁንስ ስንት ያገኛሉ?»

ነገርኩት። የተሸጥኩት እዚህ ላይ ነው። በሬ ይዞ ገበያ የወጣ የጃቢ ጠህናን ገበሬ እንኳ የገዛበትን ዋጋ አይናገርም።

ከብዙ «እስቲ እናያለን» በኋላ በ3,000 ብር ጭማሪ ተስማማን። ማለቴ እሱ ተስማማ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ሰውዬውም እንደ እኔ ቦርዱን እየጠበቀ ይሆናል።)

ማታ ባለቤቴ እርሳስ አነሳች። ደመወዜ 14,000 ብር ስላለፈ ከጭማሪው 35 በመቶው በአዋጅ 1395/2017 መሠረት ለግብር፣ ሌላ 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይሄዳል። 1,050 እና 210 ሲነሳለት 1,740 ቀረ። የሚኒባሱን የወር ደርሶ መልስ ስትቀንስ እርሳሱ ቆመ።

«ቡናውስ? እዚያ ያፈላሉ?» አለችኝ።

ይህን አልተደራደርኩም። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቀን ብቻ ነው የጎደለው።