አፍንጫ ያለው ሁሉ መካኒክ

ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር ኮፈኑን የከፈተ አሮጌ መኪና ካያችሁ ሰው ለመጥራት አትድከሙ፤ ኮፈኑ ራሱ ይጠራል። በተለይ «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» የሚል ወሬ ከወጣ፣ አስጎብኚው ፈረንጆቹን ትቶ፣ በቅሎ ጫኙ በቅሎውን እየጎተተ፣ ቡና የምታፈላዋ ጀበናዋን ከከሰል አውርዳ ይመጣሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ያሸትና «ፊልትሮ ነው» ይላል። ሌላው እሱን ገፋ አድርጎ ያሸትና «ፖምፓ!» ይላል። መሪ ጨብጦ የማያውቀው በቅሎ ጫኝ ሳይቀር ዐይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ስቦ፣ «ካርቡራቶሩ ገንፍሏል» ብሎ ይፈርዳል። አስተያየት ያልሰጠችው በቅሎዋ ብቻ ናት። አሸተተች፣ አነጠሰች፣ ወደኋላ አፈገፈገች። ከመካከላችን የሚያዋጣውን ያደረገችው እሷ ነበረች።

ባለቤቱን ብትጠይቁት «የምን ሽታ?» ይላችኋል። አይዋሽም። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ከቆየ ይለምደውና ዝም ይላል፤ እሱ ደግሞ በዚህች ዲኤክስ መኪና ልጆች አሳድጎባታል። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ዲኤክስን ማማት ዋልያን ማማት ሆኗል። ዩኔስኮ የሰሜንን ተራሮች እንደ ፈረንጆቹ በ1978 በቅርስነት ሲመዘግብ ባይቸኩል ኖሮ ዲኤክሷም አብራ ትገባ ነበር ባይ ነው ባለቤቱ። ሚስቱ ግን ነጠላዋን ማጠብ ሰልችቷት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእግሯ ነው።

ከጎንደር ስንመጣ የሆነውን ደግሞ ስሙት። ሚኒባሱ ያረጀ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን ሳናልፍ ሽታው ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም የጎኑን ሰው በጎሪጥ አየ። የማን ጀሪካን ነው? ከአንዲት እናት ወንበር ሥር አንድ ተገኘ። ረዳቱ ክዳኑን ከፍቶ ቢያሸተው ጠላ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ግን «በሽታ ብቻማ አይታወቅም» ብለው ካልቀመስን አሉ። ከዚያ ሎሚ ወጣ፣ ጤና አዳም ወጣ፣ ነጠላ አፍንጫ ላይ ተጠመጠመ። በመጨረሻ አንድ ተማሪ መስኮት ሊከፍት እጁን ሰደደ።

«ኧረ አንተ ልጅ! ንፋስ ልታስመታን ነው?»

ከፊትም ከኋላም ጩኸት ሆነ። ከጮኹት አንዷ እኔ ነኝ። ልጁ አፍሮ እጁን ሰበሰበ። ቤንዚኑን እየማግን ዳባት ገባን፤ ንፋስ ግን አልመታንም።

ከፍታው የራሱ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከጎንደር ከተማ በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ይሳሳል፤ የድሮ ካርቡራቶር ግን ዳገት መውጣቱን አያውቅም፣ ታች የለመደውን ያህል ቤንዚን ይለቃል። ሳይነድ የቀረው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሸታል። ይህን አንድ መካኒክ ለአንድ ሹፌር የነገረ ዕለት ነው ነገር የተበላሸው። ፍሬኑ ሲጮህ ከፍታው፣ መብራቱ እምቢ ሲል ከፍታው። ከሞተሩ ሥር መሬት ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ለሚኒባሱ ሹፌር በጣቴ ባሳየው «እሱም ከፍታው ነው እታለም» አለኝ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደን አዲ አርቃይ ስንደርስ ሽታው አብሮን አለ።

«እዚህማ ሙቀቱ ነው።»

ሕክምናውን ደግሞ ተዉት። ለተበሳ ታንከር ሳሙና ይለጠፋል። ይህ የነባር ሹፌሮች ዘዴ ነው፣ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ችግሩ፣ ሳሙናው ጋራዡን ሳያይ ክረምትና በጋ ይፈራረቅበታል። ለተሰነጠቀ ቱቦ ያረጀ የውስጥ ጎማ ይጠመጠማል፤ ቤንዚኑ ያንን ያሳብጠውና ያላሽቀዋል፣ በላዩ ሌላ ይጠመጠማል። ከመደራረቡ ብዛት ጋቢ ለብሶ የሚሄድ ቱቦ አይቻለሁ።

መሽቶ መብራት ከጠፋ ደግሞ «እስቲ ክብሪት ጫሩልኝ፣ ልየው» የሚል ጀግና አይታጣም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል። ብርዳችንም አይበግረውም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል። ይህን ቁጭ ብሎ ያስረዳን የለም። የክብሪቱ ቀፎ ከኪስ ሲወጣ ግን ፊልትሮ ባዩም ፖምፓ ባዩም ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ሐሳብ ተስማምተው አስፋልቱን ተሻገሩ።

ለዲኤክሷ የተጠራው መካኒክ ጭራሽ አላሸተተም። ቅር አለን። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ቅባቱንና አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ አደረቀ፣ ከዚያ አስነሥቶ ባትሪ እያበራ ዝም ብሎ አየ። ከታንከሩ የሚመጣውን መስመር በዐይኑ እየተከተለ ፖምፓውና ካርቡራቶሩ መካከል ደረሰ። እዚያ ያለችውን አጭር የጎማ ቱቦ አጠፍ ሲያደርጋት ስንጥቋ ረጥቦ ታየ። ቆርጦ ጣላት፣ በአዲስ ቀየራት፣ ማሰሪያዋን አጠበቀ። ዋጋዋ እኛ ስንከራከር ከጠጣነው ቡና አይበልጥም።

«አላልኩም?» አለ ፊልትሮ ያለው። ፖምፓ ያለውም፣ ቱቦዋ ከፖምፓው ስለምትነሣ፣ ድሉ ቢያንስ በግማሽ የእኔ ነው አለ። በቅሎ ጫኙም የድርሻውን ጠየቀ። እኔም ቅድም ትንፍሽ ሳልል «ብያችሁ ነበር» ብያለሁ።

ባለ ዲኤክሱ አሮጌዋን ቱቦ ከመሬት አነሣት። «ለክፉ ቀን ትሆናለች» አለና፣ ቤንዚን እንደጠገበች፣ የኋላ ኮፈን ውስጥ ክዳኑ በፌስታል ከተወተፈው የመጠባበቂያ ጀሪካን ጎን አስቀመጣት። በማግሥቱ ሚስቱ በስንት ልመና ገባች፤ በሩን ሳትዘጋው ተመልሳ ወረደች።

«አሁን ደግሞ የምን ሽታ ነው?» አላት፣ ከልቡ።