ዳኛው ራሱ ያቡካ

በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ የዳቦ ፉክክር ድሮም ነበር፤ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። አማት የምራቷን ድፎ በጣቷ ጫን ታደርግና «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» ብላ ታልፋለች። ምራትም ከጎረቤት የመጣውን ቁራሽ ትቀምሳለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ የራሷን ቆርሳ ትመልሳለች። ማን እንዳሸነፈ ሁሉም ያውቃል፤ የተሸነፈም ፊቱን አያጠቁርም። አሁን ግን ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን በቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ያዩትን ይዘው መጡና፣ ለቁመቱ ይህን ያህል፣ ለቀለሙ ይህን ያህል እያሉ ከ10 ነጥብ ይሰጡ ጀመር። እህትማማቾች በአንድ ነጥብ ተኳርፈው በዓል የሚውሉበት ዘመን ላይ ደረስን።

እሺ፣ እንወዳደር። ግን የት ሆነን? የምንኖርባት መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,000 በላይ ናት። ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ፀሐይዋ ለኛ የምትጨክነው፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪን የሚያልፈው ልክ ያን ጊዜ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ድንኳን ተክለው በቴሌቪዥን የኬክና የዳቦ ውድድር ያካሂዳሉ፤ በእነሱ በጋ «ክሬሙ ቀለጠ» ተብሎ ይለቀሳል። በሚያዝያ አንድ ቀን እኛ ጓዳ ገብተው ቢያዩት ደስ ባለን።

እርሾ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት በልኩ ይሠራል። ደጋ ላይ ማታ የተቦካ ሊጥ ጋቢ ተደርቦለት አድሮ ጧት ኩፍ ይላል። እዚህ ጋቢው ቀርቶ ማራገቢያ ቢያገኝም አይጠላም፤ ፊትሽን ታጥበሽ እስክትመለሺ ከቡሃቃው ተርፎ ወለሉ ላይ ነው። ትንሽ ከዘገየሽ ደግሞ ኮምጥጦ ይጠብቅሻል። ስለዚህ እርሾውን እንቀንሳለን፣ በበረዶ ውሃ እናቦካለን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ምጣድ እንጥዳለን። ከደጋ የመጣች አክስት ግን እንቅልፏን ጠግባ ትነሳና «የኛ አገር ድፎ እኮ ሲጋገር ሰፈሩን ያውደዋል» ትላለች።

ኮባው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የደጋ ተክል ነውና ወደ 200 ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዞ እኛ ጋ የሚደርሰው ጠውልጎና ተሰነጣጥቆ ነው፤ ዋጋው ግን አልጠወለገም። ያጣችው በሙዝ ቅጠል ትጋግራለች፤ ዳኞቹም «ኮባ ኮባ አይሸትም» ብለው ነጥብ ይቀንሱባታል። መብራቱም የከተማው ምጣድ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲሰካ ይሄዳል። ድፎው ከታች በስሎ ከላይ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በጨለማ ከሰል ፍለጋ ነው፤ ክዳኑ ላይ ፍም መከመር ነው። ጄነሬተር ያለው ቤት የጋገረችው አንደኛ ስትወጣ «እጇ ይባረክ» ይባላል። የተባረከውስ ናፍጣው ነው።

ዳቦው የሚጋገረው በቀዳም ሥዑር መሆኑንም አይርሱብን። 55 ቀን ጾማ አክፍሎት የያዘች ሴት እህል ውሃ ሳትቀምስ ነው የምታቦካው። ጨው ይነስ ይብዛ በምላሷ ማየት አትችልም፤ በእጇ ገምታ ታልፋለች። ጋሼ ደግሞ ሊጥ ነክተው የማያውቁ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው «ጥቁር አዝሙዱ አነሰ፣ ድንብላሉ በዛ» ይላሉ። ዱቄት መንፋት ነጥብ የለውም። በዚያ ሙቀት ጭስ ውስጥ መቆም ነጥብ የለውም። ምጣድና ቡሃቃ ማጠብማ ጭራሽ አይነሳም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር፤ እኛ ለማግስቱ ፋሲካ ስንጋግር ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። በተከታዮቹ ቀናት ከድንበሩ ማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ ከገላባት ወደኛ የሚሻገረው ሰው እየበዛ ሄደ። ያኔ ዳቦ ሲቆረስ ስለ ቁመቱና ስለ ቀለሙ የጠየቀ አልነበረም። የሱዳን ሴቶች ለዒድ ከዓክ የሚሉትን ብስኩት ሲጋግሩም ተሰብስበው ነው፤ አንዷ ታቦካለች፣ ሌላዋ ታድቦለቡላለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በራቸው ላይ የሚቆም የለም።

የኛ ድፎ ግን አሁን ፎቶ ሳይነሳ አይቆረስም። አባት ቢላ ይዘው፣ ለምርቃት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ዋሽንግተን ያለችው እህት በስልክ አይታ ድምፅ እስክትሰጥ። እሷ የምታየው ቁመቱን ነው፤ ጣዕም በስልክ አይሄድ። በዚህ ደረቅ ሙቀት ሳይሸፈን የዋለ ዳቦ ማታ ላይ ጥርስ ይፈታተናል። አሸናፊው ድፎ ወዲያው ያልቃል። የተሸነፈውንስ ማን ይበላዋል? የጋገረችው ራሷ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ በሻይ እየነከረች።

አሁን ደግሞ «ለቡሄ የሙልሙል ውድድር ይኑር» የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ነሐሴ 13 ዝናብ ስላለ ሙቀቱ ይሻላል፤ እኛም እልኸኞች ነን፣ አንቀርም። ግን አስቀድሞ ሕግ ይውጣ፦ ዳኛ መሆን የሚፈልግ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ያቡካ፣ ከሰሉን ያቀጣጥል፣ ቡሃቃውን ይጠብ። ይህን አድርጎ ነጥብ ለመቀነስ አቅም የሚተርፈው ሰው ካለ እናየዋለን። ለሁሉም 10 ሰጥቶ ሄዶ ይተኛል።